ጉማሬ የተስማማበት ቅጣት

ተረት ተረት፣ ለሰሚው በረከት።

ድሮ አንድ ባለጸጋ ጉማሬ ነበር። ሐይቁም፣ በዳር ያለው ሣርም የእሱ ነበር። አንድ ቀን ውሃው ውስጥ ሲገላበጥ የእንቁራሪትን ልጆች ጨፈለቀ። እንቁራሪት እያለቀሰች ወደ አቃቤ ሕጉ ወደ ኤሊ ሄደች።

ኤሊ ጠንቃቃ ነበር። ጉማሬን ለብቻው ጠርቶ ሲደራደር ዋለና ተመለሰ።

"እህቴ፣ ውሃው ደፍርሶ ስለነበር ያየ ምስክር የለም። ብንሟገት በነጻ ይለቀቃል" አላት። "'ውሃ አደፍርሻለሁ' ብሎ ለማመን ግን ተስማምቷል። ቀላል ቅጣት ከሆነም ይቀበላል።"

"ልጆቼ የሞቱት ውሃ ደፈረሰ ተብሎ ሊቀር ነው?" አለች እንቁራሪት።

ኤሊ አንገቱን ወደ ውስጥ ሳበ።

እንቁራሪት የተረፉትን ልጆቿን አየችና "እንግዲያው ወደ ሐይቁ ከመግባቱ በፊት እንደ እንግዳ ደጅ ቆሞ 'ቤቶች!' ይበል። 'ይግቡ' ሳልለው እንዳይገባ" አለች።

ጉማሬ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። "ይቺም ቅጣት ሆና!" ብሎ በዳኛው በአንበሳ ፊት ማለ።

በማግስቱ ፀሐይ ስትከር ጉማሬ ዳር ቆሞ "ቤቶች!" አለ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ጉማሬ።"

"እንደምን ዋሉ ጌታዬ! ትንሽ ይታገሡ፣ ልጆቼን ወደ ጥግ ልሰብስብ።"

ልጆቿ ብዙ ነበሩ። እሷም እያንዳንዱን እየሳመች፣ እያጫወተች ወሰደች። የጉማሬ ጀርባ በፀሐይ መሰነጣጠቅ ጀመረ።

"ኧረ እሜቴ እንቁራሪት፣ ስለ ፈጣሪ!"

"መጣሁ ጌታዬ፣ ትንሿ ልጄ ብቻ ቀረች" አለችው።

ተረቴ አለቀ፣ የሰማም ሳቀ።