ማታ ማታ ቅጠሏን የምታጥፈው ጅብራ

ተረቴ ከተራራ መጣ፤ እሰይ በሉት፣ ይግባ።

ድሮ ድሮ፣ ዛፍ በማይደርስበት፣ ደመና ከእግር በታች በሚያልፍበት ከፍታ ላይ አንዲት ትንሽ የጅብራ ተክል ነበረች። ቀን ቀን ቅጠሎቿን ዘርግታ ፀሐይ ትሞቃለች። ማታ ማታ ጭብጥ አድርጋ ታጥፋቸዋለች። መሃላቸው ላይ ለጋ ቡቃያዋ አለ። እሱን ብርድ ከገደለው አታብብም፤ ዘርም አይኖራትም።

በዚያ አገር ማታ የሚገዛው አያ ውርጭ ነው። አንድ ማታ መጣና፣

«አንቺ፣ ፀሐይ በጠለቀች ቁጥር መሸፋፈን ምንድን ነው? ፈሪ ነሽ እንዴ?» አላት።

«አዎ፣ ፈሪ ነኝ» አለች። አልተከፈተችም።

ጎረቤቷ የጓሳ ሣር ከት ብሎ ሳቀ። «ራሷ ታወራዋለች እኮ!»

ጅብራ አፈረች፤ ግን አልተከፈተችም።

በማግስቱ ውርጭ ድምፁን አለስልሶ መጣ።

«የኔ ቆንጆ፣ ኮከቦቹ ሊያዩሽ ወጥተዋል። ትንሽ ብቅ በያ።»

«ሳብብ ይዩኝ፣ አያ ውርጭ።»

ተንቀጠቀጠች፤ ግን አልተከፈተችም።

በሦስተኛው ሌሊት ሊነጋ ሲል መጣ።

«ተነሺ እንጂ፣ ፀሐይዋ እኮ ወጣች።»

ጅብራ አመነችው። አንዷን ቅጠል ላላ ስታደርግ ውርጭ ጫፏን ነከሳት።

«ፀሐይ ከሆነች ምነው ነከሰችኝ?» አለችና መልሳ ጭብጥ አለች። ጫፏ ጠቆረ፤ ቡቃያዋ ግን ተረፈ።

ዓመታት አለፉ። ጅብራ ከሰው ቁመት በላይ ሆነች። ከመሃሏ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ግንድ ወጣ፤ ዙሪያውን አበባ ለበሰ። ወፎች ጣፋጭ ውሃዋን ሊጠጡ ከሩቅ መጡ። ሣሩ ለመጣው ወፍ ሁሉ «ጎረቤቴ ናት፣ አብረን ነው ያደግነው» ይል ጀመር።

ውርጭ ተናደደ። «ጅብራ አንዴ ካበበች ትሞታለች። አንቺም ልትደርቂ ነው።»

«እደርቃለሁ» አለች ጅብራ። «ግን የገደልከኝ አንተ አይደለህም። ሥራዬን ጨርሼ ነው የምሄደው።»

ነፋስን ጠራችው፤ እንደ አቧራ የደቀቀ ዘሯን አሸከመችው። ዘሩም በቅሎ ተራራውን ሞላው። ውርጭ ማታ ሲመጣ የቱን ልጅ ቀድሞ እንደሚሰድብ ግራ ገባው።

እናንተም ፈሪ ሲሏችሁ አትደንግጡ። የሚጠብቀው ነገር ያለው ሰው፣ እየፈራም ያሸንፋል።