ቀፎ ያልተሰቀለበት ዛፍ

አንድ ባለ ቀፎ ነበረ። ተቀመጪ፣ ልጄ ትብለጥ፤ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ደኑን ብትጠብቁ በየዓመቱ እንከፍላችኋለን የሚሉ ሰዎች ውል አምጥተዋል፤ የማኅበሩ ሰብሳቢ አንቺ ነሽና «ልፈርም ወይስ ልተው?» ብለሽኛል። መልሱ ያለው በዚህ ባለ ቀፎ ታሪክ ውስጥ ነው። ሳታቋርጪኝ ስሚ።

ይህ ሰው ወንዝ በሚያዋስነው ጥቅጥቅ ደን አጠገብ ይኖር ነበር። ከአያቱ የወረሰው አንድ ቀረሮ ነበረው፤ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው ዛፍ። በዚያ አገር ዛፍ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በቀፎው ነው። ቀፎ የሰቀለ ሰው ዛፉ የእሱ ነው፤ በዙሪያው ያሉትም ንቡ የሚቀስምባቸው ናቸውና በእሱ ጥበቃ ሥር ያድራሉ። እነሱን በመጥረቢያ የነካ ሰው ጎሳ ፊት ቆሞ ይጠየቃል፤ ለልጁ እንኳ ሴት የሚሰጠው አያገኝም። ቀፎ የሌለበት ዛፍ ግን ባለቤት የለውም። የፈለገ ይቆርጠዋል፣ ምን አደረግህ የሚለውም የለም። ከወንዙ ማዶ ያሉትም ሰዎች የሚተዳደሩት በዚሁ ሕግ ነው። ደኑ እስከዚያ ዘመን የቆመው በዚህ ነበር።

አንድ ዓመት ከሩቅ ከተማ ሰዎች መጡ። «ይህ ደን የሚያጠራው አየር ለሁላችንም ነው፤ ጠብቃችሁ ስላቆያችሁት ይከፈላችኋል» አሉ። መንደሩ ደስ አለው፤ ለምን ደስ አይለውም? አያት ቅድመ አያቶቻቸው ሲለፉበት የኖሩትን «ሥራ ነው» ብሎ ያየላቸው ሰው መጣ። ባለ ቀፎውም ደስ ብሎት አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ፈረመ። ውሉን ያነበበላቸው ሰው ግን «ከእንግዲህ በደኑ ውስጥ የሰው እጅ አይግባ» የሚለው ላይ ሲደርስ ፈጠን ብሎ አለፈው።

እጅ አይግባ ማለት ኮረሪማ አይለቀም፣ ሐረግ አይቆረጥ፣ ቀፎም ይውረድ ማለት ነበር። አሁን ጉዳቸውን ልንገርሽ። የተማሩ ሰዎች ያሉት ነው ብለው፣ አባቶቻቸው የሰቀሉትን በገዛ እጃቸው አወረዱ። በየዛፉ ግንድ ላይም ቀይ ቀለም ተቀባ፤ ቀለሙ «ይህ ዛፍ የተጠበቀ ነው» ማለት ነው ተባለ። ማን እንደሚያነበው የጠየቀ የለም። ባለ ቀፎውም ቀፎውን አውርዶ ጎተራው ሥር ከተተው። ንቡ ሦስት ቀን ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ ቆይቶ ሄደ። ሰውዬው ግን ፈርሜያለሁ ብሎ ደኑን ትቶ ቤቱ ተቀመጠ።

ክረምቱ እንዳለፈ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማ። አላስቻለውም፤ ውሉ ቢከለክለውም ገባ። በወንዙ በኩል ያለው ዳገት ተመንጥሯል። ጉቶዎቹ ላይ ቀይ ቀለሙ እንዳለ አለ። ቆራጮቹን በሥራ ላይ አገኛቸው፤ የሚያውቃቸው የማዶ ሰዎች ናቸው፣ ከአንደኛው ጋር እንዲያውም በጋብቻ ይዛመዳል።

«ምነው፣ ምን በደልናችሁ?» አላቸው።

ዘመዱ ግራ ገባው። «ምን አጠፋን? አንድም ቀፎ አላየንም። ትታችሁት የሄዳችሁ መስሎን ነው እንጂ ባለቤት ባለው ዛፍ ላይ መጥረቢያ አናነሳም። ነገ ደግሞ ያንን ትልቁን እንጥላለን» ብሎ ቀረሮውን አሳየው።

ሰውዬው ምን ብሎ ይከራከር? ሕጉ የራሱ ሕግ ነው። ቤቱ ሄዶ ቀፎውን አወጣ፤ ጠረገው፣ አጠነው። በማግስቱ ጠዋት በሐረግ ገመድ ቀረሮው ላይ ወጣ።

ወሬው ወዲያው መንደሩን አዳረሰ። የመንደሩ ሊቀመንበር እያለከለከ መጣ፤ ደኑን ሊጎበኝ መጥቶ መንደሩ ውስጥ ያረፈው የከፋዮቹ ወኪልም ተከትሎት ደረሰ።

«ውረድ፤ ውል እያፈረስክ ነው። ያንተ አንድ ቀፎ የሁላችንንም ክፍያ ያስቀራል» አለ ሊቀመንበሩ።

«ይቅር» አለ ሰውዬው ከላይ።

«ልጆችህስ?»

«ልጆቼን ያሳደጋቸው ይህ ዛፍ ነው። አልወርድም።»

ወኪሉ በትሕትና፣ «አባቴ፣ ዛፉ እኮ ቀለም ተቀብቷል፤ ተጠብቋል» አለው።

«ጉቶዎቹም ተቀብተዋል። ሂድና እያቸው» አለና ቀፎውን ማሰሩን ቀጠለ።

በዚህ መሀል አራት ሰዎች መጥረቢያ ተሸክመው ከወንዙ በኩል ብቅ አሉ። ወኪሉ ሮጦ ፊታቸው ቆመ፤ ቀለሙን አሳያቸው፣ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። ሰላምታ ሰጥተውት አለፉ። ከቀረሮው ሥር ሲደርሱ የፊተኛው ቀና ብሎ ቀፎውን አየ፤ መጥረቢያውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ባለቤቱ ተመለሰ እንዴ?»

«ተመልሷል» አለ ሰውዬው።

«ንብ ይግባልህ» ብለውት በመጡበት ተመለሱ።

የዚያ ዓመት ክፍያ ቀረ። ሊቀመንበሩ ሰላምታ ነፈገው፤ ሚስቱ ሳትቀር አኮረፈችው። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሁለተኛ ቀፎ ሰቀለ። የጎረቤቱም ሰው ትንሽ ሲያጉረመርም ቆይቶ የየራሱን ቀፎ ከጎተራ ሥር ጎትቶ አወጣ። የተመነጠረው ዳገት እስከ ዛሬ ራቁቱን ነው። ቀረሮው ግን ቆሟል።

እንግዲህ ትብለጥ፣ ያ መንደር እኛ ነን፤ አውራ ጣቱን ቀለም ያስነካውም ሰው አንቺ ነሽ። ገንዘቡን ተቀበይ። ነውር የለበትም፣ ምጽዋትም አይደለም፤ በደናችን የሚተነፍስ ሁሉ ቢከፍል ሲያንሰው ነው። አንገትሽን ቀና አድርገሽ ተቀበይ። ነገር ግን ወረቀቱ ከደኑ ውጡ የሚል ከሆነ፣ የሚከፍሉሽ እንድትሄጂላቸው ነው። ቀለማቸው አንድ ቆራጭ እንኳ አላስቆመም፤ ያስቆመው አንድ እልኸኛ ሰውና አንድ አሮጌ ቀፎ ነው። ስለዚህ ቀፎው ባለበት ይኖራል፣ ሴቶቹም ኮረሪማቸውን ይለቅማሉ በያቸው፤ ይህም ከሁሉ በፊት፣ መጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፍ። ከጻፉት ፈርሚ። ቀፎው ይውረድ ካሉሽ ግን እስክሪብቷቸውን መልሺላቸው።