የአያ ጅቦ ረጅም ሰላምታ

አንድ ጊዜ፣ አለችኝ የአጥር ጎረቤቴ እትዬ ዘርትሁን በርበሬዋን ፀሐይ ላይ እያሰጣች፤ እሷም ከባሏ አክስት ነው የሰማችው፤ አንድ ጊዜ በጋው ጠና ብሎ ምንጩ ሁሉ ደረቀና በአንድ ሜዳ ጥግ ያለች ኩሬ ብቻ ቀረች።

ኩሬዋ ለሁሉ አትበቃም። የአህያና የጅብ ወገኖች ጠዋት ማታ ይጣሉባት ጀመር። አንበሳ ጩኸቱ እንቅልፍ ቢነሳው ሁለቱንም አስጠራና፣ «ከየወገናችሁ አንድ አንድ አውጡና ይግጠሙ። የወደቀው ወገን ኩሬዋን ለቆ ይሂድ» ብሎ ፈረደ።

ከጅቦች አያ ጅቦ ተነሳ። ሆዱ ከፊቱ የሚቀድም፣ አንገቱ ግንድ የሚያህል ነው። ከአህዮቹ ወገን ግን ሁሉም ጆሮውን ጥሎ መሬት መሬቱን ሲያይ፣ አንዲት ዳለቻ አህያ ብቻ ወጣች። በቅርብ የወለደች ናት። ሌላው ወንዝ ከተራራው ማዶ ነው፤ የውርንጭላዋ ጉልበት ደግሞ ገና አልጸናም። ከኩሬዋ ከተባረሩ ልጇ መንገድ ላይ እንደሚቀርባት ታውቃለች።

«ምነው፣ ባልሽስ?» አለ አያ ጅቦ እየሳቀ። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል ሰምቶ ቀረ እንዴ?»

«እሱ ሣር ላይ ነው» አለች አህያ። «ላንተ ላንተማ እኔ እበቃለሁ።»

ዳኛ ማን ይሁን ሲባል ቀበሮ ማንም ሳይጠራው መሃል ገባ። ጉሮሮውን ጠራረገና ሕጉን አወጀ፦ «መናከስ የለም። መማታት በእግር ብቻ ነው። ከተያያዛችሁ ደግሞ፣ እኔ ‹ልቀቁ!› ስል ወዲያው ትለቃላችሁ።»

ሁሉም «ጥሩ ሕግ ነው» አለ። እውነትም ጥሩ ሕግ ነበር። ነገር ግን በዋዜማው ምሽት ቀበሮ ከአያ ጅቦ ጎሬ አፉን እየላሰ ሲወጣ ቆቅ አይታዋለች። ስም ማጥፋት እንዳይሆንብኝ እንጂ፣ ባዶ ሆዱን የወጣ እንዲያ አይልስም። ቆቅ ደግሞ ያየችውን አታሳድርም፤ ሲነጋ ሜዳው ሁሉ ሰምቷል፤ ከአንበሳ በቀር። ለትልቅ ሰው ወሬ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው።

ግጥሚያው ተጀመረ።

የአህያ ጡጫዋ የኋላ እግሯ ነው። ዞር ብላ ለመሰንዘር ግን ትንሽ ቦታ ትፈልጋለች። መጀመሪያ ላይ ቦታ አግኝታ አያ ጅቦን ጎኑ ላይ ብታቀምሰው እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ። ከዚያ ወዲያማ ምን በወጣው! ዘሎ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ሁለት እጁን ቆላልፎ፣ አገጩን ትከሻዋ ላይ ጥሎ፣ ያን ሁሉ ሆዱን አሸከማት። አይመታ፣ አያስመታ፤ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ።

ቀበሮ ጅራቱን ያበጥራል።

«ዳኛው! ልቀቅ በለው እንጂ!» አለች አህያ።

«ቆይ እስቲ፣ ላጣራ» አለና በዝግታ ዞራቸው። እንደገና ዞራቸው። የአህያ ጉልበት መንቀጥቀጥ ሲጀምር ብቻ «ልቀቁ!» አለ። አያ ጅቦ ለቀቀ፤ ግን አህያ ፊቷን ሳታዞር ተመልሶ ተጠመጠመባት። ደግሞ ያው ሆነ። ደግሞ ያው። ሲለቅ ለዓይን ጥቅሻ ያህል፣ ሲይዝ ግን እድሜ ልክ።

«ኧረ ይሄ ግጥሚያ ነው ወይስ እሽኮኮ?» ብሎ ጮኸ አንዱ አህያ ከዳር።

አንበሳ እንኳ ከዋርካው ሥር ቀና አለ። «ቀበሮ! ለምን አትለያያቸውም?»

ቀበሮ አንገቱን ሰበር አደረገ። «ጌታዬ፣ ይሄ እኮ መያዝ አይደለም። አያ ጅቦ ጨዋ ስለሆነ ሰላምታ እየሰጣት ነው። ሰላምታ እስኪያልቅ ደግሞ መሃል መግባት ነውር ነው።»

አንበሳ ወግ አክባሪ ነውና፣ «እንግዲያስ ይጨርሱ» ብሎ ተመልሶ ተጋደመ።

አህያ ይህን ሁሉ ሰማች። ከአያ ጅቦ ትከሻ በላይ አሻግራ ውርንጭላዋ አፉን ኩሬው ውስጥ ነክሮ ሲጠጣ አየችው። ትንፋሿን ሰብሰብ አደረገችና በአያ ጅቦ ጆሮ፣ በአንቱታ፣

«እንዴት ሰነበቱ አያ ጅቦ?» አለችው።

አያ ጅቦ ክው አለ። ከተወለደ ጀምሮ ያየው ሁሉ ወይ ይሮጣል ወይ ድንጋይ ያነሳል እንጂ፣ እንዴት ሰነበቱ ያለው የለም።

«ደ... ደህና» አለ።

«ጤናዎስ? ያ ጎንዎን ያመመዎት ተሻለዎት?»

«ይሻለኛል፣ እግዜር ይመስገን።»

«እመት ጅቢትስ? ልጆቹስ?»

«ሁሉም ደህና ናቸው። ትንሹ ጥርስ አወጣ» አለ አያ ጅቦ፤ ፊቱ በራ።

«እሰይ! ባባቱ ወጥቶ ነዋ። እንግዲህ እንደተከበሩ ይኑሩልኝ» ብላ እዚያው ባለችበት አንገቷን ዝቅ አደረገች፤ እጅ ነሳች።

እጅ ለነሳ እጅ ካልተነሳ ምን ጨዋነት አለ? የአያ ጅቦ ልብ አበጠ። የቆለፈውን እጁን ፈታ፣ ፈቀቅ አለ፣ እንደ ባላባት ግንባሩ መሬት እስኪነካ ጎንበስ አለ።

«ቀና በል!» ብሎ ጮኸ ቀበሮ። «ቀና በል አንተ ደደብ!»

አህያ ዞራለች። ሁለቱም የኋላ እግሮቿ አገጩ ላይ አረፉ። አያ ጅቦ ተገለበጠና ሆዱ ሰማይ አየ።

«አይቆጠርም!» አለ ቀበሮ። «በሰላምታ መሃል ነው የመታችው! አህያ ተሸንፋለች!»

አንበሳ ተነስቶ ቀስ እያለ መጣ። «ቀበሮ፣ በአገራችን ወግ ሰላምታ በምን ያልቃል?»

ቀበሮ ጅራቱን ማበጠር ጀመረ።

«ጠየቅሁህ።»

«እጅ... እጅ በመንሳት።»

«አህያ እጅ ነስታለች?»

«ነስታለች።»

«ጅብስ?»

ቀበሮ የተዘረረውን አያ ጅቦን አየ። «ግንባሩ አቧራ ነክቷል» አለ በቀጭን ድምፅ።

«እንግዲያስ ሰላምታው አልቋል፤ ምቱም ምት ነው። ደግሞ ዳኛ ለአንዱ ‹ቀና በል› እያለ መምከር የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከትናንት ማታ ራት ወዲህ ነዋ!» አለች ቆቅ ከቁጥቋጦው ውስጥ። ሜዳው በሳቅ ተናወጠ፤ አንበሳም ያን ጊዜ ሰማ።

አህዮች ኩሬዋን ይዘው ቀሩ፤ ውርንጭላውም እዚያው አደገ። ጅቦች ተራራውን ተሻገሩ። አያ ጅቦ አገጩ እንደተጣመመ ቀረ፤ ላገኘው ሁሉ ግን «አንቱ ተብዬ ነበር» ይላል። ቀበሮ ከዳኝነት ተሻረ፤ ቦታው ለቆቅ ተሰጠ።

ከዚህ የምንማረው፣ ዳኛ ወዳጁን ለማትረፍ ያጣመመው ሕግ ዞሮ ዞሮ ያንኑ ወዳጁን እንደሚጥል ነው።