የወንበሩ ሦስተኛ እግር

አንድ እግሩ በማሽን የተሠራ ወንበር ያው የጥንቱ ወንበር ነው ወይስ ሌላ? ወይዘሮ ዘርፌ ይህን ስታብሰለስል ሰነበተች፤ መልስ ግን አላገኘችለትም። ጅማ ውስጥ፣ በእነሱ ሰፈር፣ ሰው ያልሆነውን ሆነ ብሎ ሲምል የሚወረወርበት አንድ አነጋገር አለ። ዛሬ ማንም ከአፉ ያወጣዋል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የመጣው ከዚህችው ሴት ሳሎን ነው።

ወንበሩ የባሏ አባት ነበር። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ፣ ሚስማር ያልነካው፣ ባለ ሦስት እግር የጅማ ወንበር። ከአባት ወደ ባሏ ወደ ወልደየስ መጣ፤ ወልደየስም አርባ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ጫማውን ያሰረው እዚያ ላይ ተቀምጦ ነው። እሱ ካረፈ በኋላ አንዱን እግር ምስጥ በላውና ወንበሩ በጡብ ተደግፎ ጓዳ ገባ። ዕድሜ ልካቸውን ወንበር ሲፈለፍሉ የኖሩት ጎረቤቷ አባ ፎጊ አይተውት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዘርፌ፣ እንዲህ የደረቀ ዋንዛ ዛሬ ከየት ይመጣል? እርጥቡን ብቀጥልበት ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሸሻል።»

የልጅ ልጇ ረድኤት ግን ከምትማርበት ቴክኒክ ኮሌጅ አንድ ዘዴ ይዛ መጣች። ከቀሩት ሁለት እግሮች ምስጥ ፈጽሞ ያልነካውን መርጣ፣ ዙሪያውን እየዞረች በስልኳ ፎቶ አነሣችው፤ ኮምፒዩተር ላይ ቅርጹን አወጣች። ከአስተማሪዋ የተዋሰችው ስሪዲ ፕሪንተር የሚሉት ማሽን ደግሞ እንደ ክር የተጠቀለለ ፕላስቲክ እያቀለጠ፣ ስስ ሽፋን በስስ ሽፋን ላይ እየደረበ፣ ያንኑ እግር እንደገና ያቆም ጀመር። ሥራው አሥራ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል ተባለ። ዘርፌም አሥራ ዘጠኙን ሰዓት እየተንቆራጠጠች አሳለፈችው።

«ይኼ ሽታ ሳንባሽን ይበላዋል፤ መስኮቱን ክፈቺ!»

ረድኤት ከፈተች።

«ኧረ ዝጊው፣ ብርድ ይመታሻል!»

«እማዬ፣ አንዱን ምረጪ እንጂ!»

«ምኑን ልምረጥ? መብራቱስ ቢጠፋ? ቤቱስ ቢቃጠል?»

ቤቱም አልተቃጠለ፣ መብራቱም አልጠፋ፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እግሩ አለቀ። ረድኤት እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ አድርጋ አቀበለቻት። ዘርፌ ገለባብጣ አየችውና ክው አለች። ለናሙና በተመረጠው አሮጌ እግር ላይ፣ ከመካከሉ ዝቅ ብሎ፣ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጠባሳ አለ፤ በተጋቡበት ዓመት ወልደየስ ቡችላ አስሮበት ሰንሰለቱ የቦረቦረው ነው። ያው ጠባሳ፣ ያችው ግማሽ ጨረቃ፣ በአዲሱም ላይ ነበረች።

«ምነው ልጄ፣ እንከኑንም ገለበጥሽው?»

«ማሽን ምን ያውቃል እማዬ፣ ያሳዩትን ነው የሚሠራው። ጠባሳውን ላጥፋውና እንደገና ላትመው?»

«ሌላ አሥራ ዘጠኝ ሰዓት? ዓይንሽ እስኪፈስ? ይቅር፣ ይቅር! ከነጠባሳው ይሁን።»

አባ ፎጊ መጡና መሐሉን በስተው፣ በውስጡ የእንጨት ዘንግ አስገብተው፣ በሙጫ አጣበቁት። ቀለሙንም ከዋንዛው ጋር አመሳስለው ቀቡት። ለዓይን የሚለይ አልሆነም። ረድኤት አዲሱን እግር ከነጠባሳው ከፊት አድርጋ ፎቶ አነሣችና የዘመድ አዝማዱ ቴሌግራም ላይ «የአያቴ ወንበር ተነሣ!» ብላ ለጠፈችው።

ወንበሩ ጓዳ ውስጥ ወድቆ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ እንዴት ነው ያለው ሰው አልነበረም። በቆመ በሁለተኛው ቀን ግን የባሏ ታናሽ ወንድም ደምሰው ከአዲስ አበባ ደወለ። ከወንድሙ ቀብር ወዲህ የዚያን ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።

«እትዬ፣ ያ ወንበር የኔ ነው። አባባ ናቸው በልጅነቴ የሰጡኝ። ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ። ሽማግሌ ካስፈለገሽ አባ ፎጊ ይቀመጡ፤ እሳቸው ወንበር ያውቃሉ።»

ዘርፌ እስከ ቅዳሜ እህል አልወረደላትም። ከባሏ ዕቃ የቀራት እሱ ብቻ ነው። ቢወስድባትስ? ደግሞስ «ፕላስቲክ እግር ቀጥለሽ የአባቴን ቅርስ አበላሸሽ» ብሎ ቢነሣባትስ? በልጅቷም ላይ ቢጮህባትስ? ቀድሜ ራሴ ብነግረው ይሻላል ብላ ቆረጠች።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደምሰው መጣ። ወንበሩን መኪናው ላይ የሚያስርበትን ገመድ ይዞ ነው የገባው። አባ ፎጊ ቀድመው መጥተው ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ረድኤትም አጠገባቸው ነበረች።

«እኔ ክርክር አልወድም» አለ፣ ተቀመጥ ሲባል ሳይቀመጥ። «ስድስት ዓመቴ ነበር። አባባ የገዙልኝን ሰንጢ ልሞክር ብዬ የዚህን ወንበር እግር ገዘገዝኩት። ተቆጡኝ፤ ስቅስቅ ብዬ ሳለቅስ ግን አባብለው ‹በል፣ ምልክት አድርገህበታል፤ እንግዲህ ያንተ ነው› አሉኝ። ይኸው ጠባሳው!» ጎንበስ ብሎ የፊተኛውን እግር ዳሰሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ደምሴ፣ ይኼ እግር እኮ…» አለች ዘርፌ።

«ተዪኝ እስቲ እትዬ፣ ትዝታዬን አታቋርጪኝ!»

«ኧረ ስማኝ፣ ኋላ ታፍራለህ…»

«አንቺ በጋብቻ ስትመጪ እኮ ወንበሩ እዚሁ ነበር! ምን ታውቂያለሽ?»

አባ ፎጊ እጃቸውን አንሥተው ሁለቱንም ዝም አሰኙ።

«ልጅ ደምሰው፣ እግሩ ይኼ ነው? አልተሳሳትክም?»

«በጨለማ ብዳስሰው አውቀዋለሁ።»

«ትምላለህ?»

«ያባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!»

ሽማግሌው ወንበሩን ቀስ ብለው አዞሩት። ፎቶው ላይ ያልታየው የኋለኛው እግር ወደ ብርሃን መጣ፤ ያው ግማሽ ጨረቃ ጠባሳ እሱም ላይ ወለል ብሎ ታየ።

«ይኼኛውስ?»

ደምሰው ጎንበስ ብሎ አየው። «እሱማ… እሱን በማግሥቱ ነው።»

«በዚያው ሰንጢ?»

«በዚያው።»

«አባትህ ከተቆጡህ በኋላ?»

«ልጅ አልነበርኩም እንዴ አባ ፎጊ! ልጅ መች ይሰማል?»

ረድኤት ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አባ ፎጊ አልሳቁም። ከደረት ኪሳቸው ትንሽ መሮ አወጡና የፊተኛውን እግር ከግርጌው ጫር አደረጉት። ቀለሙ ተላጠ፤ ከሥሩ እንደ ጥርስ የነጣ ፕላስቲክ ብቅ አለ። በመሮው እጀታ ቢያንኳኩት እንደ ጀሪካን ጮኸ።

«ረድኤት ልጄ፣ ይኼ እግር መቼ ተወለደ?»

«ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ።»

«የትኛው ማክሰኞ?»

«የዚህ ሳምንቱ።»

ዘርፌ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ይሰበራል ብላ ስትፈራው የሰነበተችው ወንበር ዝንፍ ሳይል ተሸከማት። ደስታዋ ፊቷን አሞቀው፤ ያም ሆኖ የደምሰው ጆሮ ሲቀላ አይታ አንጀቷ አልቻለም።

«ልነግርህ ነበር እኮ፣ ደምሴ። በል አሁን ተወው፤ ምሳ ደርሷል። መንገዱ ሩቅ ነው፣ በባዶ ሆድህ እንዳትነዳ።»

ደምሰው ግን ገመዱን በክንዱ ላይ ጠቀለለ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ከቤት ወጣ። አባ ፎጊም መሮአቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው እየመለሱ፣ በበሩ በኩል አሻግረው እያዩት እንዲህ አሉ፦ «ለማክሰኞ እግር፣ የልጅነት ነገር!»