ጅብና የቀንድ አውጣዋ ኢንዛይም

መብላት ማለት ምግብን በአፍ ማስገባትና የገባውን በሆድ መፍጨት ነው፤ ጅብ የሚያውቀው ግን የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ ድርቅ ያከሳው ጅብ ምግብ ፍለጋ ወደ ባሕር ዳር ወረደ። ቀበሮ ቀድማው ደርሳ፣ ማዕበል የጣለውን ትልቅ ዓሣ አሸዋ ውስጥ ቀብራ ላዩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጅቡ ምንድን ነው የሚሸተኝ ቢላት ባሕሩ ነው አለችው። ቀጥላም ቋጥኙን የሸፈነውን የባሕር ሣር አሳየችው።

«ይኼ ሁሉ ስኳር ነው፣ አያ ጅቦ። እዚህ አገር ሥጋ የሚበላ እንደ ኋላ ቀር ነው የሚታየው።»

ኋላ ቀር መባልን የፈራው ጅብ ቋጥኙን ሲግጥ ዋለ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ፤ ረሃቡ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። አጠገቡ አንዲት ወፍራም ቀንድ አውጣ ያንኑ ሣር ቀስ እያለች ትበላለች። ተጠግቶ እንዴት እንደሆነላት ጠየቃት።

ቀንድ አውጣዋ በትዕግሥት አስረዳችው። የሣሩ ስኳር ላይ ሰልፌት የሚባል ነገር እንደ ክዳን ተለጥፏል፤ ክዳኑ ካልተነሣ ስኳሩ አይፈጭም። በእርሷ ሆድ ውስጥ ግን ሰልፌቱን ከስኳሩ ላይ የሚያነሣ ኢንዛይም አለ። ጅቡ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሆድ የሚለውን ያዘ።

«አሁንም እዚያው ሆድሽ ውስጥ ነው?»

«የት ይሄዳል?»

«እንግዲያው ወደ እኔ ይዛወራ» አለና ከነዛጎሏ ዋጣት።

ከዚያም ኢንዛይሙ ሥራ እንዲጀምር ጋደም ብሎ ጠበቀ። ቀበሮ ከተቀመጠችበት ሳትነሣ ጠየቀችው፦

«አያ ጅቦ፣ ኢንዛይም ከምን እንደሚሠራ ታውቃለህ?»

«ከምን?»

«ከፕሮቲን። ሥጋም ያው ነው። ያንተ ሆድ ደግሞ ሥጋ መፍጨት መቼ ቸግሮት ያውቃል?»

ጅቡ ነገሩን እንደ ሙገሳ ቆጥሮ አመሰገናትና ወደ ሣሩ ተመለሰ። ሆዱም ኢንዛይሙን ከነቀንድ አውጣዋ እንደ ማንኛውም ሥጋ ፈጨው፤ ወደ ባሕር ዳር ከወረደ ወዲህ የተፈጨለት ምግብ ይኸው ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ባለሙያን መዋጥ ሙያውን መውረስ እንዳልሆነ ነው።

ጅቡ ግን ለመማር ጊዜ አላገኘም፤ ሆዱ እንደሞላ በረሃብ ሞተ፣ ቀበሮም ዓሣዋን ጨርሳ ስለነበር ወደ እርሱ አለፈች።