መጥቼ አላውቅም ያለው እንግዳ

አንድ ሰው ነበረ። የተጠየቀውን ወረቀት ሁሉ አሟልቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ወደ አንዲት ደሴት ሄደ፤ የሄደለትን ነገር ሳያደርግ ተመለሰ።

ይህን የተናገሩት አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የነገሩትም ሠርጉ ሦስት ሳምንት ለቀረው የቀድሞ ተማሪያቸው ነው። ወጣቱ እንዲህ ብሎ ጠይቋቸው ነበር፦ «መምህር፣ በሌላ ከተማ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ፤ አያቷ ዘንድ ነው የምትኖረው። እጮኛዬ ልጅ አለህ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ የለኝም አልኳት። አንዲት ቃል ናት። ማንን ትጎዳለች?» መምህሩ ታሪኩን ጀመሩለት።

ሰውየው በወጣትነቱ ድሃ ነበር። መርሻ ከሚባል ጓደኛው ጋር አንድ ወደብ ላይ የጨው ጆንያ ይሸከም ነበር። ከአንድ ሳህን ይበላሉ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው የሁለት ሰው ሸክም ይሸከማል። ከባሕሩ ማዶ ሥራ አለ ሲባል ሰሙና አንዳች ወረቀት ሳይዙ በዕቃ ጀልባ ተሳፈሩ። ጀልባዋን ማዕበል መታት፤ ሥራው ካለበት ሳታደርሳቸው ደሴት ላይ ጣለቻቸው። ዓሣ አጥማጆች ጎትተው አወጧቸው፤ ካላቸው አካፈሏቸው። መርሻ ግን ትኩሳት ያዘው፤ በዘጠነኛው ቀን ሞተ። ዓሣ አጥማጆቹ ከመንደራቸው በላይ ካለው መቃብር ጥግ ላይ ቀበሩት።

በማግስቱ ፖሊሶች መጡ። ሰውየውን ይዘው፣ ጣቶቹን ቀለም አስነክተው አሻራውን ወስደው፣ ሁለተኛ እንዳይመጣ አስጠንቅቀው በመርከብ መለሱት። መቃብሩ ላይ ስም የጻፈ አልነበረም። በዚያ አገር መርሻ የሚለውን ስም አስተካክሎ የሚጠራ ሰው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ተባረረ።

ዓመታት አለፉ። ሰውየው ሠራ፤ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ፤ አገባ፤ ወለደ። ስለ ደሴቲቱ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሚስቱ እንኳ ወደብ ላይ ይሠራ እንደ ነበር ብቻ ነው የምታውቀው። ነገር ግን ከደንበኛ ጋር ዋጋ እየተነጋገረ ድንገት የጠራውን ዋጋ የሚረሳበት ጊዜ ነበር። ክረምት ገብቶ ዝናቡ የሱቁን ቆርቆሮ ሲደበድበው «እዚያስ እየዘነበበት ይሆን?» ይላል በልቡ። ስልሳ ዓመት ሲሞላው ምኞቱ ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ሆነ፦ ያንን መቃብር ማግኘት፣ አጠገቡ ቆሞ ስሙን መጥራት፣ ስሙንም ድንጋይ ላይ ማስቀረጽ።

ለሚስቱ ግን «ደሴት ሄደን ትንሽ እንረፍ» አላት።

ሚስቱ ሳቀች። «አንተ? እሑድን እንኳ ማረፍ የማታውቀው ሰውዬ! ምነው፣ ሐኪም የነገረህ ነገር አለ እንዴ?»

«ምንም የለም። ደክሞኛል።»

ወረቀቱን ማሰባሰብ ያዘ። ፓስፖርቱ የሚያገለግለው ለአራት ወር ብቻ ስለ ነበርና ደሴቲቱ ስድስት ወር ስለምትጠይቅ ተሰልፎ አሳደሰ። ጆሮው መታየት አለበት ተብሎ ፎቶግራፉን ሁለት ጊዜ ተነሣ። የቢጫ ወባ ክትባት ተወግቶ ካርዱን ተቀበለ። የሆቴሉን ማረጋገጫ፣ የመመለሻ ቲኬቱን፣ የባንኩን ደብዳቤ አንድ አቃፊ ውስጥ አደረገ። አንድ ወረቀት በገባ ቁጥር ወደ መርሻ አንድ እርምጃ የቀረበ ይመስለው ነበር። ያለ ወረቀት የሄደበትን መንገድ በወረቀት እየከፈተው ነውና አንዱም እንዳይጎድል ፈራ። አቃፊውን ከሱቅ ቤት፣ ከቤት ሱቅ ይዞ ይዞር ጀመር።

የጉዞ ወኪሏ ቀልደኛ ልጅ ነበረች። «ጋሼ፣ ለመዝናናት ነው አይደል የሚሄዱት? ፊትዎ ግን የፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለበት ሰው ይመስላል» አለችው። ከዚያ የመግቢያ ቅጹን በኮምፒዩተሯ ትሞላለት ጀመር። ስም፣ ሥራ፣ የሚቆይበት ቀን። በመጨረሻ አንዱን ጥያቄ ጮክ ብላ አነበበችለት፦ «ከዚህ ቀደም ወደዚህ አገር ገብተው ወይም ተባረው ያውቃሉ?»

ሰውየው ወደ ኮምፒዩተሩ ጎንበስ ብሎ ጥያቄውን አየ።

«አይ ልበለው?» አለች ልጅቷ። «ሁሉም አይ ነው የሚለው።»

«አዎ ያለ ሰው ምን ይሆናል?»

«ኧረ እሱማ ጣጣ ነው ጋሼ! ማብራሪያ ጻፉ ይላሉ፤ ወር ሁለት ወር ይጓተታል። ሊከለክሉም ይችላሉ። ደግሞ ታች ይኼው፣ ሐሰት የሞላ በሕግ ይጠየቃል ይላል። እርስዎን ምን ያስጨንቅዎታል?»

ሰውየው አቃፊውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያዘው። ይህን ያህል ከተጠጋ በኋላ መከልከል አስፈራው።

«አይ በይው» አላት።

ሄዱ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ አንድ ፈገግ ያለ ወጣት ሠራተኛ ፓስፖርቱን ገልጦ «የመጀመሪያ ጊዜዎ ነው?» አለው። «አዎ» አለ ሰውየው። ሚስቱ አጠገቡ ቆማ ሰማች። ወጣቱ ማኅተሙን መታና እንኳን ደህና መጡ አለው። የድሮ የጣት አሻራውን የፈለገ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ከሆቴሉ በተሰጣቸው አስጎብኚ እየተመሩ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ መንደር ወጡ። ሰውየው አቀበቱን አወቀው። ከአቀበቱ በላይ የመቃብሩ አጥር ይታያል፤ ሁለት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው። መንገዱ ዳር አንድ ሽማግሌ መረብ ይጠግናል። ሽማግሌው ቀና ብሎ አየው፤ መልሶም አየው፤ መረቡን አስቀምጦ ለአስጎብኚው አንድ ነገር ተናገረ።

አስጎብኚው ሳቀ። «ፊትዎን የሚያውቀው መስሎታል። ልጅ ሳሉ እዚህ መጥተው ነበር ወይ ይላል።»

«ኧረ የለም!» አለች ሚስቱ እየሳቀች። «ገና መምጣታችን ነው በለው። አንተ፣ ሰው ከሰው እንዲህ ይመሳሰላል?»

ሽማግሌው ግን የሚያየው ሰውየውን ነበር፤ መልሱን ከእሱ ይጠብቃል። ሰውየው አስጎብኚው ደረት ላይ የተንጠለጠለውን የመንግሥት መታወቂያ አየ። ሚስቱን አየ። የመርሻ ስም ጉሮሮው ድረስ መጥቶ ነበር።

«ተሳስቷል በለው» አለ። «መጥቼ አላውቅም።»

ሽማግሌው ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣና መረቡን አነሣ። እነሱም ወደ ሆቴሉ ወረዱ። መጥቶ የማያውቅ ሰው ስም ያልተጻፈበትን መቃብር አሳዩኝ ብሎ ሊጠይቅ አይችልም፤ በዚያ አገር የሞተ ወዳጅ የለውምና። በቀሩት ቀናት ሚስቱ ስትዋኝ እሱ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ አቀበቱን ሲያይ ዋለ። «ሰዉ ሁሉ ባሕር ያያል፤ አንተ ተራራ» እያለች ቀለደችበት።

መምህሩ እዚህ ሲደርሱ ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ አንተም እንደዚያ ሰው ነህ። የለኝም ያልካት ቃል ወደ ትዳርህ ታስገባሃለች፤ በሩ ላይ የሚያቆምህ የለም። ከገባህ በኋላ ግን ልጄ ናፈቀችኝ የምትልበት አፍ አይኖርህም። ታመመች ሲሉህ ከምሳህ መነሣት አትችልም። ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ጥርሷ ሲነቀል፣ ከሩቅ እያየህ ትቀመጣለህ። ማንን ትጎዳለች አልከኝ። መጀመሪያ አንተን፤ ቀጥሎ እንድትመጣላት የምትጠብቅህን ልጅህን።»

ወጣቱ መሬት መሬት አየ። «እውነቱን ነግሬያት ብትተወኝስ?»

«ትተውህ ይሆናል። አትተውህም ብዬ አልዋሽህም። ያንን ሰውም ምናልባት ይከለክሉት ነበር። ግን እሱም አልጠየቀም፤ እነሱም አልከለከሉትም።»

«ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልሄደም?»

«አልሄደም» አሉ መምህሩ። «እሱ ቤቱ ገባ። መርሻ እዚያው ቀረ።»