የማስረሻ አጥንት

እግዚአብሔር ከሐሰተኛ ምስክር፣ ከእውነተኛ ምስክር ዕጣም ይሰውረንና፣ በአንድ ወንዝ ግራና ቀኝ ሁለት ጫካዎች ነበሩ። በወዲህኛው አንበሳ ይገዛል፣ በወዲያኛው ጅቦች ይገዛሉ። የወዲህኛው ሥርዓት አጭር ነው፤ ንጉሡ ይበላል፣ ቀበሮ ለምን እንደተበላ ያስረዳል፣ የተረፈው ያመሰግናል። የወዲያኛውም ከዚህ ብዙ አይለይም፤ እዚያ ግን የሚያስረዳ የለም። የወዲህኞቹ በዚህ በዚህ “እኛ ሕግ አለን” እያሉ ይኮሩ ነበር።

ሁለቱ ጫካዎች ሦስት ክረምት ተዋጉ። በምን እንደተጣሉ የሚያስታውስ ጠፍቷል፤ ያስታውሱ የነበሩት አልቀዋል። በመጨረሻ አንበሳው አሸነፈ። አሥራ ሁለት ጅቦችም ከነአለቃቸው ተማርከው በእሾህ አጥር ተዘጋባቸው።

አንበሳው ከቋጥኙ ላይ ወጣና ሕዝቡን ሰበሰበ።

“በቀል የአውሬ ሥራ ነው” አለ። “እኛ በሕግ ነው የምንጠይቀው። በጦርነት መሞት ያለ ነው። ነገር ግን ቀንድ የሌለውን፣ ጥርስ ያላበቀለውን፣ ሸሽቶ የተደበቀውን የበላ ይጠየቃል። ማንም ይሁን ማን!”

በዚህች በመጨረሻዋ ቃል የቀበሮው ጆሮ ቆመ። ንጉሡ ግን ለንግግር ማሳመሪያ ነበር ያላት።

ቀበሮው ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተሾመ፤ ዝንጀሮም ጸሐፊ ሆነ። በዚያ አገር ገዳይ የሚለየው ጥርስ በመግጠም ነው። በሟች አጥንት ላይ ያለው ንክሻ በተከሳሹ ጥርስ ይለካል፤ ልክ ከሆነ ገዳዩ እርሱ ነው። ደሙ ያልተፈረደለት ሟች ደግሞ አይቀበርም፣ አይለቀስለትም። ስለዚህ “ልጅ የሞተበት አጥንቱን ይዞ ይምጣ” ተብሎ ታወጀ። ሕዝቡም ከየጉድባው፣ ከየወንዙ ዳር አጥንቱን እየለቀመ መጣ። ክምሩ ከቋጥኙ እኩል ደረሰ።

ከመጡት አንዷ አህያ ናት። የማስረሻ እናት ይሏታል። ከማስረሻ በፊት የወለደቻቸው ሁለቱ ሞተውባት ነበርና፣ ይህኛው ሐዘኑን ያስረሳኛል ብላ ነው ስሙን ያወጣችለት። በጦርነቱ ለንጉሡ ጦር ስንቅ ትጭን ነበር። ስንቁ ሥጋ ነው፤ የማን ሥጋ እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም። አንድ ቀን ቀይ መልካ ከሚባለው መሻገሪያ ላይ ውርንጭላዋን ለንጉሡ ዘቦች አደራ ብላ ተሻገረች። ስትመለስ ዘቦቹ “ጅብ መጣብን” አሏት። ከልጇ የቀረው አጥንት ብቻ ነበር። አብዛኛውን ጎርፍ ወሰደባት፤ የጭኑ ቀረላት። ከዚያ ወዲህ ጧት ማታ ጅብን ስትረግም ኖረች።

በሰልፉ ከፊቷ አንዲት ሚዳቋ ባዶ እጇን ቆማለች።

“አንቺ፣ አጥንትሽ የታለ?” አለቻት።

“ምን አጥንት አለኝ የማስረሻ እናት! ሦስቱንም በዓይኔ እያየሁ ጅብ በላብኝ። ሰኮናቸውን እንኳ አላስተረፈም። ደም የነካውን ሣር ሳይቀር ላሰው።”

“ታዲያ ምን ልትሆኚ ተሰለፍሽ?”

“ስማቸውን እንኳ እንዲጽፉልኝ ነዋ።”

የሚዳቋዋ ተራ ደረሰ።

“አጥንት?” አለ ቀበሮው ቀና ሳይል።

“የለኝም ጌታዬ። ግን በዓይኔ…”

“አጥንት የሌለው ክስ የለውም። ቀጥሎ!”

የማስረሻ እናት ግን አልቀጠለችም። አህያ ቀስ ብላ ነው የምታስብ፤ አንዴ ካሰበች ግን በዱላም አትመለስ። ክምሩን አየችው። የጎድን አጥንት፣ የራስ ቅል፣ የእግር አጥንት፣ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ያልተሰበረ። አጠገቧ ወደነበረው ሽማግሌ ኤሊ ዞረች።

“አባ ኤሊ፣ ጅብ አጥንት ይተዋል እንዴ?”

ኤሊው ግራ ቀኙን አየ። “ልጄ፣ እኔ ይህን ሁሉ ዘመን የኖርኩት እንዲህ ያለ ጥያቄ ስሰማ አንገቴን እያስገባሁ ነው” አለና አስገባው።

“አኑሪ እንጂ!” አለ ቀበሮው።

“አስቀድሜ አንድ ነገር ልጠይቅ ጌታዬ። አልተማርኩምና አይፍረዱብኝ።”

“ጠይቂ። ሕግ ለሁሉ ክፍት ነው።”

“ጅብ ከነአጥንቱ ነው የሚበላ። የሚዳቋን ልጆች ጅብ ስለበላቸው አጥንት የለም፣ ክስም የለም። እዚህ የተከመረው ግን ሁሉም አጥንት ነው። እንግዲህ ሥጋውን በልቶ አጥንቱን የሚተው ማን ነው?”

ከእሾህ አጥሩ ውስጥ የጅቦቹ አለቃ አያ ጅቦ እየተንከተከተ ሳቀ።

“ወይ አህያ! ስንቷን በልተናል፣ እንዲህ ያለችዋን ግን በልተንም አናውቅ!”

አንበሳው መዳፉን መላስ ተወ። “ቀበሮ፣ ምንድን ነው የምትለው?”

“ንጉሥ ሆይ፣ ቶሎ ጥርስ ይገጠምልን ነው የምትለው” አለ ቀበሮው።

በማግስቱ ጧት ጥርስ መግጠም ተጀመረ። የመጀመሪያው የአንዲት በግ ልጅ ወርች ነበር። ጅቦቹ ከተማረኩ ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም። ዘቦቹ ከአጥሩ አወጧቸውና አጥንቱን ከአያ ጅቦ ጥርስ መካከል አስገብተው “ቀስ ብለህ ንከስ” አሉት። ቀርጨም አደረገና ዋጠው።

“ኧረ ልጄን! ኧረ ልጄን ዋጠብኝ!” ብላ በጓ ጮኸች።

ዝንጀሮው ብዕሩን እንዳንጠለጠለ ቀረ። “ጌታዬ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?”

“ገጥሟል ብለህ ጻፍ።”

“ዋጠው እኮ!”

“ባይገጥም ኖሮ ይገባ ነበር?”

ዝንጀሮው ጻፈ። ከዚያ በኋላ ሥራው ቀና። አንዱ አጥንት በአንዱ ላይ ገጠመ። ጅቦቹም ሳይጠየቁ ያምኑ ጀመር። “ያንንም እኔ ነኝ! ያንን ትልቁንም እኔው ነኝ!” ይላሉ። ጥርሱ ያለቀ ሽማግሌ ጅብ ሳይቀር “የዚያ የለስላሳው ደም በእኔ ላይ ነው፣ ይቅር በሉኝ” እያለ አፉን ከፈተ። ሕዝቡ በየተራው ልጁን እያስረከበ “ተፈርዶልሃል፣ ሂድ” ይባላል። የሚቀብረው ግን የለውም።

ሚዳቋዋ ዳግመኛ ቀረበች። “ጌቶቼ፣ ሁሉም ካመኑ ዘንድ የእኔንም…”

“እውነቷን ነው” አለ አያ ጅቦ፣ ስለጠገበ ልቡ ራርቶ። “የእሷን ሦስቱን የበላሁ እኔ ነኝ።”

“አንተ ያልተጠየቅኸውን አትመስክር!” ብሎ ቀበሮው ተቆጣው።

ቀትር ላይ ከክምሩ ምንም አልተረፈም። የቀረችው የማስረሻ እናት ብቻ ናት። የልጇን ጭን በጥርሶቿ መካከል ይዛ መጣች። “አኑሪ” ቢሏት ራሷን ነቀነቀች። ጅቦቹ እያሸተቱ ከበቧት።

ቀበሮው አያትና ድምፁን አለዘበ። “የማስረሻ እናት፣ ትናንት ብዙ ተናገርሽ። እኛም ክፉዎች አይደለንም። ልጅሽን የገደለው ጅብ ከሆነ ዝም በዪ፤ ተፈርዶለታል ብለን እንጽፋለን። አጥንትሽን ይዘሽ ሂጂ፣ ቅበሪው፣ አልቅሺለት። ከሁሉ አንቺ ብቻ የምትቀብሪው አገኘሽ ማለት ነው። ሌላ ከሆነ ግን ተናገሪ።”

“ዝም በዪ” አለ ዝንጀሮው በስተጎን በሹክሹክታ። “በፈጠረሽ፣ ዝም በዪ።”

ኤሊው ከነአንገቱ የለም። በጓ መሬት መሬት ታያለች። የማስረሻ እናት ብዙ ቆመች። አፏን ከዘጋች ልጇ መቃብር ያገኛል፤ የገዳዩ ስም ግን ለዘለዓለም ጅብ ይሆናል። ከከፈተችው አጥንቱ ይወድቃል።

ዓይኗን ከቀበሮው ላይ አንሥታ ወደ ቋጥኙ አየች።

“አደራ የሰጠሁት ለዘቦችህ ነበር” አለች።

አጥንቱ መሬት አልነካም። አያ ጅቦ ከአየር ላይ ቀለበው።

“ገጥሟል” አለ ቀበሮው።

አንበሳው ከቋጥኙ ወረደ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ድምፁ የአባት ነበር። “ችሎቱ ለዛሬ ይበቃል። ሁላችሁም በየቤታችሁ በሰላም ግቡ። የማስረሻ እናት ግን ደክሟታልና እዚሁ ትደር። ዘቦቼ ይጠብቋታል።”

ሕዝቡ ተበተነ። ወደ ኋላው የዞረ አልነበረም።

በነጋታው ከቋጥኙ ሥር አጥንት ተገኘ። የራስ ቅሉ፣ የጎድኑ፣ አራቱም እግሩ፤ አንድም አልጎደለ፣ አንድም አልተሰበረ። ያየችው ሚዳቋ ነበረች። ልትጮህ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ቀበሮው መጣ። ዞር ዞር ብሎ አየና ጸሐፊውን ጠራ።

“ጻፍ። ሟች፣ አንዲት አህያ።”

ዝንጀሮው ጻፈ። “ጌታዬ፣ ጅቦቹ እኮ አጥር ውስጥ ተዘግቶባቸው ነው ያደሩት።”

“እሱን ማን ጠየቀህ?” አለ ቀበሮው። ከዚያም ወደ ዘቦቹ ዞሮ፣ “ተከሳሾቹን አምጡልኝ” አላቸው። “ቶሎ በሉ፤ ቁርስ ሳይቀምሱ።”